የለገመ መኪና፦ ከመቀየር በፊት መለካት

የነዳጅ ፔዳሉ እስከ ታች ተረግጦ መኪናው ግን ከመጎተት በቀር ምላሽ የማይሰጥበት ጊዜ አለ። አሽከርካሪዎች «ለገመ» ወይም «ጉልበት አጣ» ይሉታል። ከዚያም ካንዴላ ይቀየራል፤ ካልተሻለው የነዳጅ ፓምፕ ይቀየራል፤ አሁንም ካልተሻለው ሌላ ዕቃ ይገዛል። በዚህ ሁኔታ ገንዘቡ ያልቃል እንጂ የችግሩ ምንጭ አይታወቅም። ጉዳዩ ደግሞ የገንዘብ ብቻ አይደለም። ሌላ መኪና ለመቅደም የሚወስደው ጊዜ በ4 ሰኮንድ ቢረዝም፣ ከፊት ለፊት በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚመጣ ተሽከርካሪ በዚያችው ጊዜ ውስጥ 90 ሜትር ያህል ይቀርባል። ስለዚህ ሕመሙን በግምት ሳይሆን በፊዚክስ ዓይን እንመርምረው።

ሒሳቡ ምን ይላል?

መጠነ ቁሱ 1,200 ኪሎ ግራም የሆነ መኪና ከቆመበት ተነሥቶ በሰኮንድ 20 ሜትር (በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር) ፍጥነት ላይ ሲደርስ 240,000 ጁል የእንቅስቃሴ ጉልበት ይኖረዋል። አቅም የምንለው በአንድ ሰኮንድ ውስጥ የሚሰጠውን ጉልበት ነው። የአየርንና የጎማን ሰበቃ ለጊዜው እንተውና፣ ጎማዎቹ ዘንድ የሚደርሰው አቅም በአማካይ 20 ኪሎዋት ከሆነ መኪናው ይህን ፍጥነት በ12 ሰኮንድ ያገኛል፤ 15 ኪሎዋት ብቻ ከሆነ ግን 16 ሰኮንድ ይፈጅበታል።

አሁን ይኸው መኪና በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት በሰኮንድ 10 ሜትር ፍጥነት ይወጣል እንበል። የራሱን ክብደት ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ 9.4 ኪሎዋት ያስፈልገዋል። 20 ኪሎዋት ያለው ፍጥነት ለመጨመር የሚያውለው 10.6 ኪሎዋት ይተርፈዋል፤ 15 ኪሎዋት ያለው ግን 5.6 ብቻ ነው የሚተርፈው። ሜዳ ላይ ሩብ የነበረው ጉድለት ዳገት ላይ ወደ ግማሽ ተጠጋ ማለት ነው። የመኪና ድካም ቀድሞ በዳገት ላይ የሚታወቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ሕመም ያልሆነ ድካም

ሞተር ነዳጅን የሚያቃጥለው ከአየር በሚስበው ኦክስጅን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በመሆኑም ቱርቦ የሌለው ሞተር በጅቡቲ ወደብ ከነበረው አቅም ሩብ ያህሉን እዚህ ያጣል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ የሚቀየርለት ዕቃም የለም። ቱርቦ ያለው ሞተር አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ ጉዳቱ ያንስለታል፤ የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ኦክስጅን ስለማያስፈልገው ከዚህ ችግር ነፃ ነው። ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡራተር ያለው አሮጌ መኪና ግን አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ነዳጁን አብዝቶ ስለሚለቅ ጥቁር ጭስ ያወጣል። እርሱ ለከፍታው እንደገና መስተካከል አለበት።

እንግዲህ የምርመራው የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነው፦ መኪናው ድሮም እንዲህ ነበር ወይስ ድካሙ በቅርቡ ጀመረው?

አቅሙ አልተፈጠረም ወይስ መንገድ ላይ ቀረ?

ድካሙ አዲስ ከሆነ ሁለተኛው ጥያቄ ይከተላል። ሞተሩ አቅም እየፈጠረ ጎማው ዘንድ ሳይደርስ የሚባክን ከሆነ ምልክት አለው። ዳገት ላይ የሞተሩ ድምፅ እየናረ ፍጥነቱ ካልጨመረ፣ በተለይም የመቃጠል ሽታ ካለ፣ የሚንሸራተተው ፍሪሲዮኑ ነው። ጥቂት ከተነዳ በኋላ አንዱ ቸርኬ ከሌሎቹ ይልቅ ከጋለ፣ በዚያ ጎማ ላይ ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም፤ የእንቅስቃሴው ጉልበት ወደ ሙቀት እየተለወጠ ነው። ይህን ለማወቅ እጅን ማስጠጋት ይበቃል፤ መንካት ያቃጥላል። የጎማ ንፋስ ማነስም ጎማው በተሽከረከረ ቁጥር እንዲተጣጠፍ ስለሚያደርግ አቅም ይበላል።

እነዚህ ሁሉ ደኅና ከሆኑ ችግሩ ያለው ከሞተሩ ነው። ሞተር አራት ነገሮችን ይሻል፦ አየር፣ ነዳጅ፣ በወቅቱ የሚደርስ የእሳት ብልጭታና በቂ እመቃ። በአቧራ የተደፈነ የአየር ማጣሪያ ትንፋሹን ያፍነዋል። ቆሞ ሲሠራ ጤነኛ መስሎ በዳገት ላይ የሚንተፋተፍ ሞተር ብዙ ነዳጅ በሚፈልግበት ሰዓት እያጣ ሊሆን ይችላልና የነዳጅ ማጣሪያውና ፓምፑ ይታዩ። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር እየተንቀጠቀጠ ቢያንስ ሩብ አቅሙን ካጣ፣ በአንዱ ሲሊንደር ቃጠሎ መቋረጡን እንጠረጥራለን። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን፣ ምናልባትም የፒስቶን ቀለበቶች ማለቃቸውን ያሳያል፤ ይህን የእመቃ መለኪያ ያረጋግጣል። የጭስ መውጫው ከተደፈነ ደግሞ ሞተሩ የተቃጠለውን ጋዝ ማስወጣት ስለማይችል አዲስ አየር መሳብ ይሳነዋል።

በኮምፒውተር በሚቆጣጠሩ መኪኖች ላይ የሚነበበው የብልሽት ቁጥር ይረዳል። ሆኖም ቁጥሩ መለኪያው የተዛባበትን ቦታ ይጠቁማል እንጂ «ይህን ዕቃ ቀይር» አይልም። ሽቦው ተበጥሶ ዳሳሹ የሚከሰስበት ጊዜ አለ።

ለካ፣ አንዱን ብቻ ለውጥ፣ እንደገና ለካ

የማንኛውም ሙከራ ሕግ እዚህም ይሠራል። ሜዳማና ባዶ በሆነ መንገድ ላይ፣ ከተፈቀደው ፍጥነት ሳይታለፍ፣ መኪናው ከሰዓት 20 ወደ 60 ኪሎ ሜትር የሚደርስበት ጊዜ ይለካ። ሰዓቱን የሚይዘው ተሳፋሪ እንጂ አሽከርካሪው አይደለም። ልኬቱ በሁለቱም አቅጣጫ ተደጋግሞ አማካዩ ይወሰድ፤ የነፋስና የመንገድ ተዳፋት ተጽዕኖ በአብዛኛው ይጣፋል። ከዚያም ቀላሉና ርካሹ በቅድሚያ ይፈተሽ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ ልኬቱም ይደገም። ሦስት ዕቃ በአንድ ቀን ቀይሮ የተሻለው መኪና የትኛው እንዳዳነው አይናገርም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን መኪናው ጤነኛ በነበረበት ጊዜ የተመዘገበ ልኬት ነው። ያ ቁጥር በማስታወሻ ላይ ካለ፣ «ለገመ» የሚለው ስሜት በሰኮንድ የሚቆጠር ልዩነት ይሆናል፤ ጋራዥ ከተገባ በኋላም ጥገናው መሥራቱን የሚመሰክረው እርሱው ነው።