ከአዶ እስከ ሄርማነስ፦ ረጅም መንገድና የልጆቻችን አማርኛ

የሴፕቴምበር መጨረሻው ዕረፍት ደርሷል። ካምፐርቫን ተከራይታችሁ ወደ ባሕሩ ለመውረድ ያሰባችሁ ካላችሁ ወቅቱ ጥሩ ነው። ዓሣ ነባሪዎቹ የሚታዩት ከጁን እስከ ኖቬምበር ስለሆነ፣ ለገና የሚሄድ ሰው አይደርስባቸውም። ከጆሃንስበርግ እስከ ፖርት ኤልዛቤት ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው (ምላስ ማንኳኳት የሚፈልገውን አዲሱን ስሟን ልጆቻችን ከእኛ አሳምረው ይጠሩታል)። ይህን ሁሉ መንገድ ልጆቹ ስልክ ላይ አቀርቅረው ሊጨርሱት ይችላሉ። ወይም ደግሞ ሱቅ ስንከፍትና ስንዘጋ ዓመቱን ሙሉ ያጣነው የወሬ ሰዓት ይሆናል።

ከፖርት ኤልዛቤት ብዙም ሳትርቁ አዶ የዝሆኖች ፓርክ አለ። በ1931 ሲቋቋም 11 ዝሆኖች ብቻ ነበሩ የቀሩት፤ ዛሬ ከ600 በላይ ናቸው። በራስ መኪና መግባት ይቻላል፣ ብርቱካን ይዞ መግባት ግን ክልክል ነው። ድሮ ዝሆኖቹን ብርቱካን ይመግቧቸው ስለነበር፣ ሽታውን ለምደው ሰው ላይ መምጣት ጀምረው ነበር። ሌላው የሚያስቀው ለጥንዚዛ ቅድሚያ ስጡ የሚለው ምልክት ነው። የአዶ ጥንዚዛ መብረር አትችልም፤ ዝሆን የጣለውን እያንከባለለች መንገድ ታቋርጣለች። ልጆቹ ሲስቁ ሳቁን አትለፉት። እነሱ «ፑ» ብለው የሚጨርሱትን እኛ የላም ሲሆን እበት፣ የአህያ ፋንድያ፣ የፍየል በጠጥ፣ የዶሮ ኩስ እንላለን። የዝሆኑስ የትኛው ይባል? እስከሚቀጥለው ማደያ ያከራክራል።

በኤን 2 ወደ ምዕራብ ስትነዱ ጺጺካማን ታገኛላችሁ፤ በ1964 የተከለለ፣ በአፍሪካ የመጀመሪያው የባሕር ብሔራዊ ፓርክ ነው። ካምፑ ማዕበሉ ድንጋይ ላይ ከሚፈነዳበት አጠገብ ስለሆነ አስቀድማችሁ ያዙ። መንገድ ዳር አቁሞ ማደሩ ይቅርባችሁ። እዚያ ዳሲ የሚሉት ፀሐይ ሞቂ እንስሳ ያው የእኛ ሽኮኮ ነው።

ሄርማነስ ላይ ጀልባ አያስፈልግም፤ ገደሉ ላይ ቆሞ ዓሣ ነባሪ ይታያል። የዮናስን ታሪክ የሰማ ልጅ ዓሣ አንበሪ የሚለውን ስም ያውቅ ይሆናል። ስሙ ዓሣ ቢለውም ጡት ያጠባል፤ ወደዚህ የሚመጡትም ለመውለድ ነው። ቤቲስ ቤይ ያሉት ፔንግዊኖች በአማርኛም ፔንግዊን ናቸው፣ ድምፃቸው ግን እንደ አህያ ነው፤ ያናፋሉ። ይህን ቃል ጆሃንስበርግ ውስጥ ለማስተማር ብትሞክሩ አህያ ከየት ታመጣላችሁ? ቁጥራቸው በጣም ስለቀነሰ በ2024 ለመጥፋት እጅግ የተቃረቡ ተብለው ተመዝግበዋል።

አገር ቤት ሲደወል ልጆቻችን «ደህና ነኝ» ብለው ስልኩን ይመልሱልናል። አያታቸውን ስላልወደዱ አይደለም፤ በአማርኛ የሚያወሩት ነገር ስለሌላቸው ነው። እንግዲህ ከገደሉ ላይ በዋትሳፕ ድምፅ ይላኩላቸው፦ «እማማ፣ ዓሣ ነባሪ አየሁ፣ ከነልጇ!» አነጋገሩ ቢጣመም እዚያው አታርሙ። እማማ ባሕር አይተው የማያውቁ ከሆነ ጥያቄው ከእሳቸው ይመጣል፦ ምን ያህላል? ቤት ያህላል? ውኃው ለምን እንዲህ ይጮኻል? እናንተ አትመልሱ፤ ስልኩን ለልጁ ተዉለት።