የወላጅ ቪዛ፦ በየአገሩ የሚጠየቀው ዋጋ

ጃንዋሪ 28 ቀን 2019 የካናዳ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ወላጆቻቸውንና አያቶቻቸውን ማምጣት ለሚፈልጉ ሰዎች የምዝገባ ቅጽ በኢንተርኔት ለቀቀ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቅጹ 11 ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው ተዘጋ፤ የተመደበው 27 ሺህ ቦታ አልቆ ነበር። ጥሩ ኢንተርኔት ያለው፣ ጣቱ የፈጠነ፣ በዚያች ሰዓት ከሥራ ገበታው መነሣት የቻለ ተመዘገበ። ሌላው ባዶ እጁን ቀረ። ቁጣው ስለበረታ መንግሥት በቀጣዩ ዓመት ወደ ዕጣ ተመለሰ።

እናትና አባትን ወስዶ አጠገብ አስቀምጦ መጦር ለብዙ ኢትዮጵያዊ ከአገር ሲወጣ ጀምሮ የያዘው ሐሳብ ነው። የሀብታም አገሮች የኢሚግሬሽን ሕግ ግን ቤተሰብ ሲል በመጀመሪያ የሚያስበው ባልን፣ ሚስትንና ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን ነው፤ ወላጅ ከሰልፉ መጨረሻ ይቆማል። ምክንያቱንም መንግሥታቱ አይደብቁትም። በሰባ ዓመቱ የሚመጣ ሰው ሠርቶ ግብር የሚከፍልበት ዘመን አልፏል፤ ሐኪም ቤት የሚመላለስበት ግን ከፊቱ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ አገር ወጪውን በልጁ ትከሻ ላይ የሚያሳርፍበት ወይም የሚመጣውን ሰው ቁጥር የሚቀንስበት የራሱን ዘዴ አበጅቷል። አሜሪካ የልጁን ዜግነትና ገቢ ትጠይቃለች፤ ካናዳ ዕድሉን፣ አውስትራሊያ ኪሱን። ብሪታንያ ደግሞ ወላጁ ራሱን ችሎ መኖር ያቃተው መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ትፈልጋለች።

አሜሪካ፦ መጀመሪያ ሲቲዝን መሆን

በሕግ ደረጃ ሰፊው በር የአሜሪካ ነው። ዕድሜው 21 የሞላ አሜሪካዊ ዜጋ ለወላጆቹ ሲያመለክት «የቅርብ ዘመድ» ከሚባለው ምድብ ይገባሉ። ምድቡ ዓመታዊ ኮታ የለውም፤ የወንድምና የእህት ማመልከቻ ከአሥር ዓመት በላይ ወረፋ ሲጠብቅ የወላጅ ግን ፋይሉ እንደታየ ይቀጥላል። አይ አር 5 የሚባለውን ይህን ቪዛ ለማግኘት ወላጁ ታማሚ ወይም ጧሪ ያጣ መሆኑን ማስረዳት የለበትም። ገና በሃምሳዎቹ ያለ ጤነኛ አባትም ሊመጣ ይችላል።

ማነቆው ያለው ልጁ ዘንድ ነው። ግሪን ካርድ ለወላጅ ማመልከት አያስችልም። በዲቪ የገባ ሰው ዜግነት እስኪያገኝ በትንሹ አምስት ዓመት ይጠብቃል፤ ጥገኝነት ጠይቆ የቆየው ደግሞ ጉዳዩ የተጓተተበትን ዘመን ይጨምርበታል። ለእናትና ለአባት የሚከፈተው ፋይል የተለያየ ነው፤ ክፍያውም እንዲሁ። ማመልከቻው በኢንተርኔት 625፣ በወረቀት 675 ዶላር ነው። በላዩ የቪዛው 325፣ ልጁ የሚፈርመው የድጋፍ ሰነድ 120 ዶላር፣ ከዚያም የሕክምና ምርመራው ይመጣል።

ብዙ ቤተሰብ ዘግይቶ የሚደርስበት ሌላም ነገር አለ። በዚህ ቪዛ የምትሄድ እናት ታናሽ ልጇን አስከትላ መሄድ አትችልም። ቤት ውስጥ የ15 ዓመት ልጅ ካለች እናትየው መጀመሪያ ብቻዋን ገብታ ግሪን ካርድ ትይዛለች፤ ከዚያ ለልጇ በሌላ ምድብ ታመለክትና ወረፋ ትጠብቃለች። አንዳንድ እናቶች ቀጠሯቸው ወጥቶ ሳለ ጉዞውን የሚያዘገዩት በዚህ ምክንያት ነው።

የገቢው ግዴታ የመጣው በ1996ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ነው። ልጁ ገቢው ቢያንስ የፌዴራሉ የድህነት መስመር 125 በመቶ መሆኑን አሳይቶ ይፈርማል፤ ካልደረሰለት ሌላ ሰው አብሮት ሊፈርምለት ይችላል። ፊርማው ለወግ ያህል የሚደረግ አይደለም፤ ከመንግሥት ጋር የተገባ ውል ነው። ወላጁ ዜጋ እስኪሆን፣ የአሥር ዓመት ያህል የሥራ ነጥብ እስኪያጠራቅም፣ አገሩን ጨርሶ እስኪለቅ ወይም እስኪሞት ድረስ ይጸናል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚያደክመው ወረቀቱ ነው። አገር አቀፉ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2016 ስለሆነ በገጠር ተወልዳ ሰባ ዓመት የሞላት እናት የልደት ምስክር ወረቀት አይኖራትም። ለኤምባሲው ግን ዋናው ማስረጃ የእናትየው ስም የሠፈረበት የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ የሚወጣው ጉዳዩ ከተጀመረ በኋላ ነው። ያኔ ጣጣው ይመጣል። በልጁ ሰነድ ላይ በዓለም ስሟ የተጻፈችው እናት በሌላ ወረቀት በክርስትና ስሟ ትገኛለች። የአባትና የአያት ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በሦስት ዓይነት ተጽፏል። የልደት ዘመኗ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1942 ሆኖ ሳለ ሳይቀየር በፈረንጁ ቅጽ ላይ ሠፍሮ ከሆነ በወረቀት ሰባት ስምንት ዓመት አርጅታለች። ጥርጣሬ ያደረበት ቆንስላ የዲኤንኤ ምርመራ ሊጠቁም ይችላል። ልጁ አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ባለው ላቦራቶሪ ናሙና ይሰጣል፤ የእናትየው ናሙና የሚወሰደው አዲስ አበባ ውስጥ በኤምባሲው ቁጥጥር ነው።

ሕጉ የከፈተውን በር ፕሬዚዳንታዊ አዋጅ ሊዘጋው ይችላል። በኤፕሪል 2020 በወረርሽኙ ሰበብ የወጣው አዋጅ የዜጎችን ባለቤትና ትናንሽ ልጆች ከእገዳው ነጻ ሲያደርግ ወላጆችን አላካተተም፤ የተሻረው በፌብሩዋሪ 2021 ነው።

ከገቡ በኋላ

የግሪን ካርዱ መምጣት አዲስ ሒሳብ ይከፍታል። በ1996 የወጣው የማኅበራዊ ድጋፍ ሕግ አዲስ የገቡ ሰዎችን በአብዛኛው ለአምስት ዓመት ሜዲኬይድ ከሚባለው የዝቅተኛ ገቢ የጤና መድን ያግዳል፤ አንዳንድ ግዛቶች በራሳቸው ገንዘብ ያቃልሉታል። 65 የሞላው ሰውም ሜዲኬር የሚባለውን የአረጋውያን የጤና መድን ገዝቶ ለመግባት አምስት ዓመት በተከታታይ መኖር አለበት። ያን ጊዜም ቢሆን አሜሪካ ውስጥ ሠርቶ ለማያውቅ ሰው የሆስፒታሉ ክፍል ብቻ በ2025 ዋጋ በወር 518 ዶላር ነበር። እስከዚያው የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት የልጁ ዕዳ ነው።

ዜግነቱም ለአረጋዊ ቀላል አይደለም። አምስት ዓመት የሞላው ሰው ማመልከት ይችላል፤ ፈተናው ግን በእንግሊዝኛ ነው። በራሱ ቋንቋ መፈተን የሚችለው 55 ዓመት የሞላውና በግሪን ካርድ 15 ዓመት የኖረ፣ ወይም 50 የሞላውና 20 ዓመት የኖረ ነው። በ68 ዓመቷ የመጣች እናት በአማርኛ ለመፈተን 83 ዓመት እስኪሆናት ትጠብቃለች ማለት ነው። ሌላው አማራጭ የመርሳት በሽታን ወይም መሰል እክልን ሐኪም በዝርዝር ሞልቶ የሚያረጋግጥበት ቅጽ ነው። ተሳክቶላት ዜጋ ከሆነች ደግሞ የኢትዮጵያ ሕግ ጥምር ዜግነት ስለማይፈቅድ ወደ አገሯ የምትመለሰው በቢጫ ካርድ ወይም በቪዛ ነው።

ብዙ አረጋውያን ክረምቱን አገራቸው፣ በጋውን ከልጅ ልጅ ጋር ማሳለፍ ይፈልጋሉ። ግሪን ካርድ ግን የመኖሪያ ፈቃድ እንጂ የመመላለሻ ቪዛ አይደለም። ከስድስት ወር በላይ የራቀ ሰው ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ ከዓመት በላይ ለመቆየት ያሰበ አስቀድሞ የመመለሻ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ለልቅሶ ብለው ሄደው፣ ቤትና ርስት ሲያስተካክሉ ዓመት አልፏቸው ካርዱን ያጡ አሉ።

ካናዳና አውስትራሊያ፦ ዕጣና ኪስ

ካናዳ በኖቬምበር 2011 የወላጆችና የአያቶች ማመልከቻ መቀበል አቆመች። በወቅቱ ወረፋ ላይ የነበሩት ከ165 ሺህ በላይ ነበሩ። በ2014 ዳግም ሲከፈት የዓመቱ ጣሪያ 5 ሺህ ማመልከቻ ሆነ። በ2020 መገባደጃ የፍላጎት መግለጫ ከሞሉት መካከል ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታትም እየተመረጠ ግብዣ ሲላክ ቆይቷል፤ ያኔ ያልተመዘገበ ሰው ገቢው የቱንም ያህል ቢያድግ ዕጣው ውስጥ የለም። የደረሰው ደግሞ ለሦስት ተከታታይ የግብር ዓመታት በቂ ገቢ ማሳየትና ለ20 ዓመት፣ በኪዩቤክ ለ10 ዓመት፣ ወላጁን ሊደግፍ መፈረም ይጠበቅበታል።

አውስትራሊያ ሁለት ሰልፍ አላት። በርካሹ የቆመ ሰው ሠላሳ ዓመት ገደማ እንደሚጠብቅ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ይናገራል። ለሰባ ዓመት አዛውንት ይህ እምቢታን በትህትና መናገር ነው። በውዱ ሰልፍ ለአንድ ወላጅ ወደ 50 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ይከፈላል፤ እሱም ቢሆን ዓመታት ይፈጃል። በ2014 መንግሥት ርካሹን ሰልፍ ሊያስቀር ሞክሮ በሴኔቱ ድምፅ ተሽሮበታል። ከገንዘቡ በፊት ግን የልጆች ቆጠራ አለ። በጥቅሉ ከልጆቹ ቢያንስ ግማሹ አውስትራሊያ መኖር አለባቸው። አንድ ልጅ ሜልቦርን፣ አንድ ዋሽንግተን፣ ሦስት አዲስ አበባ ያሏት እናት ከመነሻው ወድቃለች።

ብሪታንያ፦ የሚያንቀው ማስረጃ

እስከ ጁላይ 2012 ድረስ ዕድሜው 65 የሞላና ኑሮው በልጁ ድጋፍ የቆመ ወላጅ ብሪታንያ መግባት ይችል ነበር። ከጁላይ 9 ጀምሮ የወጣው ደንብ መመዘኛውን ከገንዘብ ወደ አካል አዛወረው። ወላጁ በእርጅና፣ በሕመም ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት መታጠብ፣ መልበስና ምግብ ማብሰልን የመሰሉ የዕለት ተዕለት ተግባራትን ያለ ሰው እገዛ መሥራት ያልቻለ መሆን አለበት። ይህም ብቻ አይበቃም። የሚያስፈልገው እንክብካቤ በሚኖርበት አገር በልጁ ገንዘብ ጭምር የማይገኝ መሆኑን ማሳየት አለበት።

የአዲስ አበባ ቤተሰብ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ለንደን ያለች ልጅ እናቷን ለአምስት ዓመት ያለ መንግሥት ድጎማ እንደምታኖር ፈርማ በቂ ገቢ ታሳያለች። ያው ገቢ ግን አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ሠራተኛና አስታማሚ ለመቅጠር ከበቂ በላይ ነው። ታዲያ ለምን አትቀጥሪላትም? የሚል ጥያቄ ይከተላል። ጎረቤት የሚኖር ዘመድ ካለም «ለምን እሱ አያያትም?» ይባላል። ማመልከቻው ከብሪታንያ ውጭ መግባት ስላለበት ለጉብኝት ብሎ አምጥቶ እዚያው ማስቀረትም አይቻልም። ክፍያው ከ3 ሺህ ፓውንድ በላይ ነው፤ ቪዛው ቢከለከል አይመለስም።

ደንቡ ሥራውን ሠርቷል። በዓመት ከሁለት ሺህ በላይ የነበረው ፈቃድ ወደ መቶዎች ወረደ። ብሪትሲትስ የተባለ የቤተሰቦች ማኅበር ደንቡን በፍርድ ቤት ቢሞግትም የይግባኙ ችሎት በ2017 አጸናው። ከሁሉ ጎልቶ የተሰማው ቅሬታ የሐኪሞች ነበር። ከሕንድና ከፓኪስታን የመጡ ሐኪሞች ማኅበራት፣ የሌሎችን ወላጆች እያከምን የራሳችንን ማምጣት ካልቻልን ሥራችንን ለቀን ለመሄድ እንገደዳለን ብለው ተከራክረዋል።

አውሮፓ፣ እስራኤል፣ ባሕረ ሰላጤ

የአውሮፓ ኅብረት የ2003 የቤተሰብ መመሪያ ወላጅን ማስገባት ለአባል አገራት ፈቃድ ትቶታል፤ ግዴታ አላደረገውም። ዴንማርክ ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑ ወላጆች የነበረውን መብት በ2002 ሰርዛለች። ጀርመን ለዓመታት የፈቀደችው «ልዩ ችግር» ላለበት ብቻ ነበር፤ በማርች 2024 ግን የባለሙያ እጥረቷ አስገድዷት ከዚያ ወዲህ ፈቃድ ያገኙ የተማሩ ሠራተኞች ወላጆቻቸውን እንዲያመጡ ደነገገች። ብሪታንያ ሐኪሞቿን ባስከፋችበት ጉዳይ ጀርመን ሐኪም ለመሳብ ተጠቀመችበት። የነጻ እንቅስቃሴው ሕግ ደግሞ አስገራሚ ውጤት አለው። የኔዘርላንድ ዜግነት ይዞ ጀርመን የሚሠራ ትውልደ ኢትዮጵያዊ በእሱ ድጋፍ የምትኖር እናቱን የማምጣት መብት ሲኖረው፣ ጎረቤቱ የሆነ ጀርመናዊ በገዛ አገሩ ያን መብት አያገኝም።

እስራኤል ውስጥ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች ጉዳይ በተለመደው የቪዛ ሕግ ሳይሆን በመንግሥት ውሳኔ ይገፋል። በ2015 ወደ 9 ሺህ፣ በ2021 ደግሞ 3 ሺህ ሰዎች እንዲገቡ ካቢኔው ወስኗል። ጎንደርና አዲስ አበባ ከሚጠባበቁት ብዙዎቹ ልጆቻቸው ወይም ወንድምና እህቶቻቸው እስራኤል የሚኖሩ ናቸው።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የወላጅ ፈቃድ ከደመወዝ ጋር የታሰረ ነው። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ከፍ ያለ ደመወዝ፣ በቂ ቤትና የጤና መድን ያለው ሰው ወላጆቹን በየዓመቱ በሚታደስ ፈቃድ ያኖራል። ፈቃዳቸው ከአሠሪያቸው ጋር በታሰረበት በከፋላ ሥርዓት ለሚሠሩት ኢትዮጵያውያን ሴቶች ይህ የሚታሰብ አይደለም፤ እነሱ ወላጆቻቸውን የሚጦሩት ወደ አገር በሚልኩት ገንዘብ ነው።

አዲሱ አቅጣጫ

ባለፉት ዓመታት መንግሥታት ከቋሚ መኖሪያ ይልቅ ረጅም ጉብኝትን መምረጥ ጀምረዋል። ካናዳ በ2011 መጨረሻ የጀመረችው ሱፐር ቪዛ ከ2022 ወዲህ አንድ ጊዜ የገባን ሰው እስከ አምስት ዓመት ያስቀምጣል፤ ቢያንስ 100 ሺህ ዶላር የሚሸፍን የጤና መድን ግን ግዴታ ነው። አውስትራሊያ በ2019፣ ኒው ዚላንድ በ2025 ተመሳሳይ ቪዛ አውጥተዋል። ለቤተሰቡ ወረፋው ያጥርለታል፤ ለመንግሥት ደግሞ የሕክምናው ወጪ በግል መድን ይያዝለታል። የአውስትራሊያው በድምሩ ከአሥር ዓመት አይበልጥም፤ በዚህ ቪዛ አውስትራሊያ ያለ ወላጅም እዚያው ሆኖ ለቋሚ የወላጅ ቪዛ ማመልከት አይፈቀድለትም። በ72 ዓመቷ የገባች እናት በ82 ዓመቷ ሻንጣዋን ትሸክፋለች፤ ማን እንደሚቀበላት ደንቡ አይጠይቅም።