ግማሹ በዲስክ፣ ግማሹ በወረቀት፦ የዶስ ዘመን የሚና ጨዋታዎች

የሚና ጨዋታ የሚባለው ተጫዋቹ ገጸ ባሕርያትን ፈጥሮ ወደ አንድ ምናባዊ ዓለም የሚያሰማራበት የኮምፒዩተር ጨዋታ ነው። የእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ጉልበት፣ ብልሃትና ቅልጥፍና በቁጥር ይመዘገባል። ውጊያ ባሸነፈ ቁጥር የልምድ ነጥብ ያገኛል፤ ነጥቡ ሲጠራቀም ደረጃው ከፍ ይላል፤ ትናንት የሸሸውን ጠላት ዛሬ ፊት ለፊት ይገጥማል። በሌሎች ጨዋታዎች የጣት ፍጥነት የሚወስነውን እዚህ የሚወስኑት ዕቅድና ትዕግሥት ናቸው።

ዘርፉ መልኩን የያዘው ዶስ በተሰኘው ሥርዓተ ክወና ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ባሉት ዓመታት ነው። በዚያ ጊዜ የኮምፒዩተር ትውስታ በጣም ጠባብ ስለነበር አንድ ሰፊ ዓለም ከነታሪኩ፣ ከነካርታውና ከነሕጉ በዲስክ ላይ አይበቃም ነበር። ያልበቃው ወደ ወረቀት ሄደ። ታሪኩ በመጽሐፍ፣ ካርታው በተጫዋቹ ደብተር፣ ሕጉ በሠንጠረዥ ተጻፈ። የእነዚህ ጨዋታዎች ጠባይ፣ ዛሬ ሲከፈቱ የሚያስቸግሩበትም ምክንያት፣ በአብዛኛው ከዚህ ክፍፍል ይመነጫል።

ከጠረጴዛ ወደ ስክሪን

የዘርፉ ሥር ኮምፒዩተር ሳይሆን ጠረጴዛ ነው። በ1974 ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተሰኘ ጨዋታ አሳተሙ። ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከብበው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ተራኪና ዳኛ ይሆናል፣ የቀሩት ተዋጊ፣ ካህን፣ አስማተኛ ወይም ሌባ ይሆናሉ። የተሰነዘረ ሰይፍ መምታት አለመምታቱ የሚታወቀው በዳይስ ነው፤ ዋነኛው ዳይስ ሃያ ገጽ አለው።

የጨዋታው ሕግ በሠንጠረዥና በስሌት የተሞላ በመሆኑ ኮምፒዩተር ያገኙ ተማሪዎች ሥራውን ለማሽኑ ለመስጠት ጊዜ አልፈጀባቸውም። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ፕላቶ በተባለው የማስተማሪያ ኮምፒዩተር ላይ በ1975 «ፔዲት5» የተሰኘ ጨዋታ ተሠራ። ለጨዋታ የማይመስለው ስሙ የተቀመጠበት ፋይል ስም ነበር። አስተዳዳሪዎቹ ግን ደርሰውበት ሰረዙት። በ1980 ገደማ ደግሞ በካሊፎርኒያ «ሮግ» ተወለደ። በዚህ ጨዋታ ዋሻው በነጥብና በሰረዝ ይሣላል፣ ጭራቆቹ የላቲን ፊደላት ናቸው፣ ጀግናው ከሞተ ጨዋታው እንደ አዲስ ይጀመራል፣ ዋሻውም በየጊዜው በአዲስ መልክ ይዘረጋል።

ማሽኑ ከጠረጴዛው ዳኛ የወረሰው ስሌቱን ነው። ዳይስ መጣልና ነጥብ መቁጠር ከሰው ይልቅ ይቀለዋል። የተራኪነቱን ሥራ ግን ሊይዘው አልቻለም፤ ቦታም አልነበረውም።

የማሽኑ ልክ

አይቢኤም የመጀመሪያውን ፒሲ በነሐሴ 1981 ለገበያ ሲያቀርብ የአንጎለ ኮምፒዩተሩ ፍጥነት 4.77 ሜጋኸርትዝ ነበር። ዶስ ለፕሮግራሞች የሚፈቅደው የትውስታ ጣሪያ 640 ኪሎባይት ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙዎቹ ማሽኖች ከዚያም እጅግ ያነሰ ነበራቸው። ድምፁ ከአንዲት ትንሽ ድምፅ ማጉያ የሚወጣ ጩኸት ነው። ሙዚቃ በወጉ የተሰማው በ1987 አድሊብ፣ በ1989 ደግሞ ሳውንድ ብላስተር የተባሉት የድምፅ ካርዶች ከመጡ በኋላ ነው።

የሥዕሉን ዋጋ በአንድ ስሌት ማየት ይቻላል። ሲጂኤ የተባለው የመጀመሪያው የቀለም ካርድ ስክሪኑን በ320 በ200 ነጥቦች ከፍሎ በአንድ ጊዜ አራት ቀለም ብቻ ያሳያል። በብዛት ይሠራባቸው የነበሩት ጥቁር፣ ነጭ፣ ውሃ ሰማያዊና ደማቅ ሐምራዊ ናቸው፤ የዘመኑ ጨዋታዎች በሐምራዊ ሣርና በሰማያዊ ፊት የሚታወሱት በዚህ የተነሳ ነው። ነጥቦቹ 64,000 ናቸው፣ ለአራቱ ነጥቦች አንድ ባይት ይበቃል፣ ስለዚህ ስክሪኑን የሚሞላ አንድ ሥዕል 16,000 ባይት ይወስዳል። የዘመኑ ባለ 360 ኪሎባይት ፍሎፒ ዲስክ ሌላ ምንም ሳይጫንበት የሚይዘው 23 ያህል ሥዕል ብቻ ነው። በ1984 የመጣው ኢጂኤ ቀለሙን 16፣ በ1987 የመጣው ቪጂኤ ደግሞ 256 አደረሰው። ቀለም በበዛ ቁጥር ሥዕሉ በዲስኩ ላይ የሚይዘው ቦታም አብሮ ያድጋል።

በወረቀት ላይ የታተመ አንድ አንቀጽ በአንጻሩ ከዲስኩ የሚሻማው ምንም ቦታ የለም። ሠሪዎቹ ወደ ወረቀት የዞሩት ይህን አስልተው ነው።

ዊዛርድሪ፦ ካርታው በተጫዋቹ እጅ

በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተገናኙት አንድሩ ግሪንበርግና ሮበርት ውድሄድ የሠሩት «ዊዛርድሪ» በ1981 በቅድሚያ በአፕል 2 ኮምፒዩተር ላይ ወጥቶ በ1984 ወደ አይቢኤም ፒሲ ተሻገረ። ይህ አካሄድ የተለመደ ነበር፤ በዶስ የሚታወቁት አብዛኞቹ ቀደምት ጨዋታዎች የተወለዱት በአፕል 2 ወይም በኮሞዶር 64 ላይ ነው። የ«ዊዛርድሪ» ሁለት ባላንጣዎች፣ ትሬቦርና ዌርድና፣ የሠሪዎቹ የራሳቸው ስሞች ከኋላ ወደ ፊት ሲነበቡ የሚሰጧቸው ናቸው።

ተጫዋቹ እስከ ስድስት የሚደርሱ ገጸ ባሕርያትን አደራጅቶ አሥር ፎቅ ወደታች ወደሚጠልቅ ዋሻ ይልካል። እያንዳንዱ ፎቅ 20 በ20 ካሬ ነው። ስክሪኑ የሚያሳየው ግን ከፊት ያለውን ግድግዳ በጥቂት ቀጫጭን መስመሮች ብቻ ነው፤ ካርታ የለም። ተጫዋቹ ከኪቦርዱ አጠገብ ስኩዌር ደብተር ዘርግቶ አንድ ርምጃ በሄደ ቁጥር አንድ ካሬ በእርሳስ ይሞላል፤ ግድግዳውን በሙሉ መስመር፣ በሩን በሰረዝ ያሰምራል።

ሠሪዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ወጥመዳቸውን ያነጣጠሩት በካርታው ላይ ነው። አንዳንዱ ካሬ ቡድኑን ሳያስታውቅ ፊቱን ያዞረዋል፤ ሌላው ወደ ሩቅ ቦታ ይወረውረዋል፤ ጨለማ የሆነውም ምንም አያሳይም። በአንዱ ጫፍ የወጣ በተቃራኒው ጫፍ የሚገባበት ፎቅም አለ። ተጫዋቹ መንገዱ እንደተምታታ የሚገባው የሣለው መስመር ከቀድሞው ጋር አልገጥም ሲለው ነው። ያን ጊዜ አስማተኛው «ዱማፒክ» የተባለውን ድግምት ይደግማል፤ ድግምቱ ቡድኑ የቆመበትን ካሬና የዞረበትን አቅጣጫ ይናገራል። የድግምቱ ስም ከዝርዝር አይመረጥም፤ ከመመሪያው መጽሐፍ ተገኝቶ በፊደል ይተየባል።

ሞትም እንደ ካርታው ጨካኝ ነው። የሞተ ገጸ ባሕርይ በቤተ መቅደስ በክፍያ ሊነሳ ይችላል፤ ካልተሳካ ዐመድ ይሆናል፤ ሁለተኛው ሙከራ ከከሸፈ ጨርሶ ይጠፋል። ቡድኑ በሙሉ ካለቀ አስከሬኑ እዚያው ዋሻ ውስጥ ይቀራል፤ የሚያወጣውም ተጫዋቹ እንደገና ያደራጀው ሌላ ቡድን ነው።

ኡልቲማ፦ ምግባር የሚመዘንበት

«ዊዛርድሪ» ወደ ውስጥ ሲጠልቅ፣ ሪቻርድ ጋሪየት በ1981 የጀመረው የ«ኡልቲማ» ተከታታይ ወደ ሜዳ ወጣ። ዓለሙ ከላይ ሆኖ ይታያል፤ ከተማ፣ ደን፣ ተራራና ባሕር እንደ ሰሌዳ ይዘረጋሉ። እያንዳንዱ ትእዛዝ አንድ የፊደል ቁልፍ አለው። በአንዳንድ ክፍሎቹ ሰዎችን ማነጋገር የሚቻለው ቃል በመተየብ ነው፤ ስም፣ ሥራ፣ ጤና ተብሎ ይጠየቃል፤ ከመልሱ ውስጥ የተያዘ አንድ ቃል ደግሞ ወደ ሌላ ጥያቄ ይመራል። ማን ምን እንዳለ የሚያስታውሰው ማሽኑ ሳይሆን የተጫዋቹ ማስታወሻ ነው።

ከተከታታዩ ስሙ የገነነው በ1985 የወጣው አራተኛው ክፍል ነው። በዚህ ጨዋታ መጨረሻ ላይ የሚገደል ክፉ ንጉሥ የለም። ግቡ እንደ ሐቀኝነት፣ ርኅራኄ፣ ፍትሕና ትሕትና ያሉ ስምንት ምግባራትን በተግባር መፈጸም ነው። የድግምት ቅመም የሚሸጡት ነጋዴዎች ዓይነ ስውራን ናቸው፤ ተጫዋቹ ስንት ሳንቲም እንደሚከፍል ራሱ ይጽፋል። አሳንሶ ቢጽፍ ማንም አይገሥጸውም፣ ቅመሙንም ይወስዳል። ጨዋታው ግን በስውር ቁጥሩን ይይዛል፤ ከብዙ ሰዓት በኋላ የሐቀኝነት ደጅ ላይ ሲደርስ ያቺ ሳንቲም ትቆጠርበታለች።

ሣጥኑ ውስጥ ከዲስኩ ጋር የጨርቅ ካርታ፣ ሁለት መጻሕፍትና አንክ የሚባለው የግብፅ ምልክት በብረት ተሠርቶ ይገኝ ነበር። በካርታው ላይ ያሉት ስሞች የተጻፉት በጥንታዊ የሰሜን አውሮፓ ፊደል በመሆኑ ተጫዋቹ ፊደል መቁጠር ነበረበት።

ፑል ኦቭ ሬዲያንስ፦ የጠረጴዛው ሕግ በስክሪን

ኤስኤስአይ የተባለው አሜሪካዊ አሳታሚ «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ»ን በይፋ ፈቃድ ወደ ኮምፒዩተር ያመጣበት «ፑል ኦቭ ሬዲያንስ» የወጣው በ1988 ነው። እሱና ተከታዮቹ በሣጥናቸው ቀለም የተነሳ «የወርቅ ሣጥን» ጨዋታዎች ተባሉ። ፍላን የተባለች ከተማ በጭራቆች ተወርራ ግማሿ ፍርስራሽ ሆናለች፤ የከተማዋ ምክር ቤት ቡድኑን ቀጥሮ ሰፈር በሰፈር ያስጸዳታል።

ውጊያው ተራ በተራ የሚካሄድ፣ እንደ ገበጣ እያሰቡ የሚጫወቱት ነው። አዲስ ተጫዋች የሚደናገረው በጥሩር ቁጥር ነው፤ በዚህ ሕግ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጥበቃው ይበረታል። ጥሩር የሌለው ሰው 10 ሲሆን፣ ሙሉ የብረት ጥሩርና ጋሻ ያለው 2 ነው። ጀማሪ ተዋጊ ቁጥሩ 0 የሆነ ጠላትን ለመምታት በዳይሱ 20 ማውጣት አለበት። ጠላቱ 4 ከሆነ ከ20 ላይ 4 ይቀነስና 16 ይበቃዋል፤ ከሃያው ገጽ አምስቱ፣ ማለትም ከአራት ሙከራ አንዱ ይሳካል ማለት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከሰይፍ ይልቅ የሚያዋጣው የእንቅልፍ ድግምት ነው፤ ደካማ ጠላቶችን በአንድ ጊዜ በርከት አድርጎ ይጥላል።

የታሪኩ ዋና ዋና ክፍሎች በስክሪን ላይ አይነበቡም። ጨዋታው ቁጥር ጠርቶ ተጫዋቹን ወደ ታተመው የጉዞ ማስታወሻ ይልከዋል፤ ደብዳቤው፣ ወሬውና የካርታው ቁራጭ እዚያ ነው ያለው። ቀድሞ ለሚያነብ ሰው ሐሰተኛ አንቀጾች ተሰግስገውበታል። በዚያው ዓመት የወጣው «ዌስትላንድ» በዚህ የባሰ ነበር፤ ስለ ማርስ የሚያወራ፣ በጨዋታው ውስጥ ፈጽሞ የሌለ ታሪክ በአንቀጾቹ መካከል ደብቋል።

ወረቀቱ ሌላ ተግባርም ነበረው። ዲስክ በቀላሉ ይገለበጥ ስለነበር «ፑል ኦቭ ሬዲያንስ» ሲከፈት ሁለት ምልክቶችን አሳይቶ ቃል ይጠይቃል። ቃሉ የሚገኘው በሣጥኑ ውስጥ ያለውን ክብ የካርቶን ሰሌዳ አሽከርክሮ ምልክቶቹን በማጋጠም ነው። ሌሎች ጨዋታዎች ከመመሪያው መጽሐፍ ይፈትናሉ።

ወረቀቱ ሲቀር

ሥራው ቀስ በቀስ ወደ ማሽኑ ተመለሰ። በ1988 የ«ማይት ኤንድ ማጂክ» ሁለተኛ ክፍል ካርታ መሣልን ከገጸ ባሕርያት ሙያዎች እንደ አንዱ አደረገው፤ ሙያውን የተማረ አባል ካለ ካርታው በራሱ ይሣላል። በ1992 የወጣው «ኡልቲማ አንደርወርልድ» ዋሻውን ወደ ላይም ወደ ታችም የሚታይ፣ ያለ ካሬ ወሰን የሚኬድበት አደረገው፤ ካርታው ራሱ እየተሣለ፣ ተጫዋቹ በላዩ ማስታወሻ መጻፍ ይችል ነበር። ደብተሩ ስክሪን ውስጥ ገባ። ሲዲ ሲመጣ ታሪኩም በድምፅና በጽሑፍ ተከተለው።

የእነዚህ ጨዋታዎች ዘሮች ብዙ ናቸው። በጃፓን በ1986 የወጣው «ድራጎን ኩዌስት» ከ«ዊዛርድሪ»ና ከ«ኡልቲማ» ተምሯል። «ዌስትላንድ» በ1997 ለወጣው «ፎልአውት» መነሻ ሆኗል።

ዛሬ ለመጫወት

የዶስ ጨዋታ በአሁኑ ኮምፒዩተር በቀጥታ አይከፈትም፤ ቢከፈትም ብዙዎቹ ፍጥነታቸውን የሚለኩት በማሽኑ ፍጥነት ስለነበር ጭራቆቹ ሳይታዩ ይሮጣሉ። መፍትሔው ከ2002 ጀምሮ በነጻ የሚታደለው ዶስቦክስ ነው። ይህ ፕሮግራም በአዲሱ ኮምፒዩተር ውስጥ አሮጌውን አስመስሎ ይሠራል፤ ፍጥነቱም እንደ ጨዋታው ዘመን ዝቅና ከፍ ይደረጋል። ከ2008 ጀምሮ አሮጌ ጨዋታዎችን በኢንተርኔት የሚሸጠው ጎግ «የወርቅ ሣጥን» ጨዋታዎችን ከዶስቦክስ ጋር አዘጋጅቶ ያቀርባል፤ የ«ኡልቲማ» አራተኛ ክፍል በነጻ ይገኛል። የ«ዊዛርድሪ» የመጀመሪያ ክፍልም በ2024 በአዲስ ሥዕል ተሸፍኖ ወጥቷል፤ ከሥሩ የሚሠራው የጥንቱ ፕሮግራም ነው።

ጨዋታውን ብቻ አውርዶ የጀመረ ሰው ግን ቶሎ ይሰለቻል፤ ከፊቱ ያለው የሥራው ግማሽ ነውና። የታተሙት መጻሕፍት ኮፒ ተደርገው አብዛኛውን ጊዜ ከጨዋታው ጋር ይመጣሉ፤ ከመጀመር በፊት መነበብ አለባቸው። ለ«ዊዛርድሪ» ስኩዌር ደብተርና ላጲስ ያለው እርሳስ፣ ለ«ኡልቲማ» የሰዎችን ስምና ቃል የሚይዝ ማስታወሻ ያስፈልጋል። ለ«ፑል ኦቭ ሬዲያንስ» የጉዞ ማስታወሻውን አጠገብ አስቀምጦ ቁጥሩ ሲጠራ ብቻ መግለጥ ይበቃል። ለጀማሪ የሚሻለውም ይኸው ጨዋታ ነው፤ ውጊያው በግልጽ ይታያል፣ ቡድኑም ከጥፋቱ ለመማር ጊዜ ያገኛል።