ማያው ሲሞላ ፊደሉ ለምን ይጠፋል? በሙሉ ማያ ፕሮግራሞች የግዕዝ ፊደል የመጻፍ ችግርና የመመርመሪያው ቅደም ተከተል

በግዕዝ «ሠረቀ» ማለት ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ «ሰረቀ» ግን ዛሬም የምናውቀው ስርቆት ነው። የጣናን ገዳማት የብራና መጻሕፍት ፎቶግራፍ በሙሉ ማያ ከፍቶ ንባቡን ወደ ኮምፒውተር ለሚገለብጥ ተመራማሪ ይህ ልዩነት ትርጉም የሚለውጥ ነው። በዩኒኮድ ሠንጠረዥም «ሠ» በ1220፣ «ሰ» በ1230 የተመዘገቡ ሁለት ፊደላት በመሆናቸው ተራ ፍለጋ አንዱን በሌላው ምትክ አያገኝም። ስለዚህ በሥራ መካከል የቁልፍ ሰሌዳው ሳይታወቅ ቢለወጥ ወይም ፊደል ቢዋጥ ጉዳቱ ከጊዜ ብክነት አልፎ የመረጃውን ትክክለኛነት ይነካል። ኤርንስት ሐመርሽሚት እ.ኤ.አ. በ1968 በማይክሮፊልም ያነሷቸውን የጣና መጻሕፍት የመሰለ ስብስብ ወደሚፈለግ ጽሑፍ መለወጥ የሚቻለው ግብዓቱ የታመነ ሲሆን ብቻ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ችግሩ የሚፈጠርበትን መንገድና የሚመረመርበትን ቅደም ተከተል ያብራራል።

የአንድ ቁልፍ ጉዞ

ቁልፍ ሲነካ ሰሌዳው ወደ ኮምፒውተሩ የሚልከው የቁልፉን መለያ ቁጥር እንጂ ፊደልን አይደለም። ሥርዓተ ክወናው ቁጥሩን ተቀብሎ በወቅቱ በተመረጠው የቋንቋ ሰሌዳ መሠረት ወደ ፊደል ይተረጉመዋል፤ ከዚያም ፊደት ላይ ላለው ፕሮግራም ያስረክባል። ለእንግሊዝኛ አንድ ቁልፍ በአብዛኛው አንድ ፊደል ስለሆነ ትርጉሙ ቀላል ነው። በላቲን ድምፅ በሚሠሩ የአማርኛ ሰሌዳዎች ግን የመጀመሪያው ቁልፍ ሳድሱን «ስ» ያወጣል፤ ቀጥሎ የሚነካው የአናባቢ ቁልፍ ያንኑ ፊደል ወደ «ሰ» ወይም ወደ «ሱ» ይለውጠዋል። ይህም መጻፊያው ቀድሞ የተጻፈውን እንዲያውቅ፣ እንዲያጠፋና በሌላ እንዲተካ ያስገድደዋል። እንደ ኪይማን ያሉ መጻፊያዎች ፕሮግራሙ የቀደመውን ጽሑፍ ካላሳያቸው በራሳቸው ማስታወሻ ይይዙና የማጥፊያ ቁልፍ እንደተነካ አድርገው ይልካሉ። ጠቅላላው ሥራ በመጻፊያው፣ በሥርዓተ ክወናውና በፕሮግራሙ መካከል ባለ መግባባት ላይ የቆመ ነው።

ሙሉ ማያ የሚለውጠው

ማያውን መሙላት ብቻውን ቁልፍ አያበላሽም። የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ አብሮት የሚመጣው የአሠራር ለውጥ ነው።

አንደኛ፣ አንዳንድ የሙሉ ማያ ፕሮግራሞች፣ በተለይ ጨዋታዎችና የምስል ማሳያዎች፣ ቁልፎችን እንደ ትእዛዝ ለመቀበል ሲሉ ቁጥሩን በቀጥታ ያነባሉ። ወደ ፊደል የሚተረጉመው ደረጃ ስለሚታለፍ መጻፊያው የሚሠራበት ቦታ አያገኝም።

ሁለተኛ፣ የሩቅ ኮምፒውተር መገናኛና ምናባዊ ኮምፒውተር ቁልፎችን ወደ ውስጥ ይወስዳሉ። የዊንዶውስ የሩቅ ዴስክቶፕ መገናኛ እንደ ተለመደው አሰናዶው የዊንዶውስ ቁልፍ ጥምረቶችን ወደ ሩቁ ኮምፒውተር የሚያሳልፈው ማያው ሙሉ ሲሆን ብቻ ነው። በመስኮት እያለ በዊንዶውስና በክፍተት ቁልፍ ቋንቋ ይቀይር የነበረ ሰው ማያውን ሲሞላ ያው ጥምረት የሚቀይረው የሩቁን ኮምፒውተር ቋንቋ ነው። እዚያ የአማርኛ ሰሌዳ ካልተጫነ ምንም ለውጥ አያይም። ቨርቹዋልቦክስም በተመሳሳይ ሰሌዳውን ይይዛል፤ እንደ ተለመደው አሰናዶ የሚለቀው የቀኙ ኮንትሮል ቁልፍ ሲነካ ነው።

ሦስተኛ፣ የደኅንነት ድንበር አለ። ከቪስታ ጀምሮ ዊንዶውስ ተራ ሥልጣን ያለው ፕሮግራም በአስተዳዳሪ ሥልጣን በተከፈተ ፕሮግራም ላይ ጣልቃ እንዳይገባ ይከለክላል። የፈተና ፕሮግራሞች ደግሞ ከዚህ ያልፋሉ፤ ሴፍ ኤግዛም ብራውዘር በዊንዶውስ ላይ ካሉት የመዝጊያ ስልቶች አንዱ አዲስ ዴስክቶፕ መፍጠር ነው። በቀድሞው ዴስክቶፕ ላይ የሚሠራ ቁልፍ ጠላፊ መጻፊያ በአዲሱ ላይ አይደርስም።

ከምልክቱ ወደ መንስኤው

የሚታየው ስህተት መንስኤውን ብዙ ጊዜ ይጠቁማል። የላቲን ፊደል ብቻ የሚወጣ ከሆነ መጻፊያው ፕሮግራሙ ጋር አልደረሰም፤ የሥልጣን ልዩነትን፣ የሩቅ ኮምፒውተርንና ለየመስኮቱ የተለያየ ቋንቋ የሚይዘውን የዊንዶውስ ምርጫ መመልከት ይገባል። ምንም የማይወጣ ከሆነ ፕሮግራሙ ቁልፉን እንደ ትእዛዝ ወስዶታል ወይም ጽሑፍ የሚቀበልበት ሳጥን አልተመረጠም። «ስሰ» ተብሎ ሁለቱም ከወጡ፣ ወይም የቀደመው ፊደል ከተዋጠ፣ መጻፊያው ደርሷል፤ የተበላሸው የማጥፋትና የመተካቱ ቅደም ተከተል ነው። ባዶ ሳጥኖች ከታዩ ደግሞ ችግሩ የፎንት እንጂ የሰሌዳ ላይሆን ይችላል፤ ጽሑፉን ገልብጦ በሌላ ፕሮግራም ላይ ማሳረፍ ይለየዋል።

የመመርመሪያው ቅደም ተከተል

ዋናው ደንብ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። በመጀመሪያ አንድ የታወቀ ቃል፣ ለምሳሌ «ሠረቀ»ን፣ በኖትፓድ ወይም በሌላ ቀላል የጽሑፍ ፕሮግራም መጻፍ። እዚያም ካልሠራ ችግሩ ከሙሉ ማያ ጋር አይገናኝም። ከሠራ፣ ያንኑ ቃል በችግረኛው ፕሮግራም በመስኮት መጠን መጻፍ። በመስኮት ሠርቶ በሙሉ ማያ ከከሸፈ ጥፋቱ ቁልፎችን በመያዙ ወይም በማሳያው ስልት ላይ ነው፤ ድንበር በሌለው መስኮት መሥራት ብዙ ጊዜ መፍትሔ ይሆናል። በሁለቱም ከከሸፈ ፕሮግራሙና መጻፊያው በእኩል ሥልጣን መከፈታቸውን ማረጋገጥ፤ ይህም ሲባል ፕሮግራሙን ያለ አስተዳዳሪ ሥልጣን መክፈት እንጂ የመጻፊያውን ሥልጣን ያለ ምክንያት ከፍ ማድረግ አይመከርም። ቀጥሎ ከሥርዓተ ክወናው ጋር የሚመጣውን የአማርኛ ሰሌዳ በሌላው መጻፊያ ምትክ መሞከር ነው። በሊኑክስ በኩል አይበስ ከሴራ ሰሌዳ ጋር ተመሳሳይ ማነጻጸሪያ ይሰጣል። በሩቅ ኮምፒውተር የሚሠራ ሰው መጻፊያውን በሩቁ ማሽን ላይ መጫኑ ይሻለዋል።

አስተማማኝ መፍትሔ እስኪገኝ ድረስ ንባቡን በተለየ መስኮት ጽፎ መለጠፍ ይቻላል። የብራና ግልበጣ ሲሆን ፎቶግራፉን በግማሽ ማያ፣ ጽሑፉን በሌላው ግማሽ ማድረግ ከሁሉም ይቀላል።

የፈተናው ጉዳይ

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒውተር የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ምርጫ ስለሆነ ተፈታኙ የግዕዝ ፊደል መጻፍ አይጠበቅበትም፤ ስለዚህ ችግሩ ተሰውሮ ይቆያል። አንድ የአማርኛ ወይም የግዕዝ ትምህርት ክፍል በጽሑፍ የሚመለስ ጥያቄ በተዘጋ የፈተና ፕሮግራም ለመስጠት ሲወስን ግን ይገለጣል። በፈተናው ሰዓት «ሠ»ን ማውጣት ያቃተው ተማሪ የሚመዘነው በእውቀቱ ሳይሆን በመሣሪያው ይሆናል። ስለሆነም ሰሌዳውን ፈተናው በሚካሄድበት የመዝጊያ ስልት ውስጥ፣ በዚያው ቤተ ሙከራ ማሽን ላይ፣ አስቀድሞ መሞከር የፈተናው ዝግጅት አካል ሊሆን ይገባል። አዲስ ዴስክቶፕ የሚፈጥረው ስልት መጻፊያውን ካገደው፣ ሌላውን የመዝጊያ ስልት መርጦ እንደገና መሞከር ያስፈልጋል።

ግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ከተመዘገበ እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ ፊደሉን የማስቀመጥና የማሳየት ችግር በአብዛኛው ተፈቷል። ከጣት እስከ ማያ ያለው መንገድ ግን በየፕሮግራሙ ይለያያል። ተመራማሪው የትኛው ደረጃ ላይ እንደተቋረጠ ለይቶ ካወቀ ግን በመላ ምት ከመንካካት ይድናል፤ የገለበጠው ንባብም እንደ ብራናው ይታመናል።