ስለ ጀልባ ወለልና ስለ ቤንዚን ማጠራቀሚያ መታደስ

በጣና ዙሪያና በደሴቶቹ ለሚኖረው ሕዝብ ባሕሩ መንገዱ ነው። የዘጌ ቡናም ሆነ የደሴቶቹ እህል፥ ዓሣ አጥማጁም የያዘው ዓሣ፥ ወደ ባሕር ዳር ገበያ በውሃ ላይ ይጓዛል። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም ሞተር ያላቸው የዓሣ ማጥመጃ ጀልባዎች ከደንገሉ ታንኳ ጋራ በባሕሩ ላይ ይሠራሉ። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ ለተሾመ ሰው፥ ጀልባ ገዝቶም ለሚያሠራ ባለንብረት፥ የጀልባን እድሳት ማወቅ የመንገድንና የድልድይን ጥገና እንደ ማወቅ ያለ ነገር ነው።

ዛሬ የምንናገረው ስለ ትንሽ ጀልባ ወለልና ከወለሉ በታች ስለ ተቀመጠው የቤንዚን ማጠራቀሚያ፥ ሠራተኞች ሰልባትዮ ስለሚሉት ነው። ቃላችንም አንድ ነው፤ ይኸውም ወለሉ በስብሶ በተነሣ ጊዜ ሰልባትዮው ሳይመረመር አዲስ ወለል አይነጠፍ የሚል ነው።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ተባለ፥ የወለል መበስበስ በአንድ ቀን አይታይም። አስቀድሞ ወለሉ ሲረገጥ ይለሰልሳል፤ ቀጥሎም ብሎኑ ይላላል፤ በመጨረሻም ጀልባው ጭነት ሳይጨመርበት ዝቅ ብሎ ይሄዳል። ይህም ከወለሉ በታች የተሞላው ፎም ውሃ ስለ ጠጣ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናልና፥ 100 ሊትር የጠጣ ጀልባ አንድ ኩንታል የማይታይ ጭነት ተሸክሟል ማለት ነው።

የነገሩን ምክንያት የጣና ታንኳ ሠሪ ያውቀዋል። ደንገሉ ውሃ ጠግቦ እንዳይበሰብስ ከሥራ በኋላ ታንኳውን ወደ የብስ አውጥቶ ያደርቀዋል። የሞተር ጀልባ ወለል ግን ከላይ ተዘግቶ ስለሚኖር የገባው ውሃ መውጫ፥ እርጥበቱም መድረቂያ የለውም። ስለዚህ ኮምፔልሳቶው ይበሰብሳል። ይኸው እርጥበት የብረቱን ሰልባትዮ ያዝገዋል፤ አሉሚኒዩም የሆነ እንደ ሆነም እርጥብ ፎም በተጠጋበት ቦታ ቀስ በቀስ ቦርቡሮ ይበሳዋል። ወለሉን ያጠፋው ጠላት ሰልባትዮውንም ሳይነካ አልቀረምና፥ ሁለቱ አብረው መመርመር አለባቸው።

የቤንዚን እንፋሎት ከአየር ይከብዳል። ሰልባትዮው ባፈሰሰ ጊዜ እንፋሎቱ ወደ ላይ ወጥቶ አይበተንም፤ ወደ ጀልባው ሆድ ወርዶ ይተኛል እንጂ። በአየሩ ውስጥ ከ100 እጅ 1 ተኩል ያህል ሲገኝ፥ አንዲት ፍንጣሪ ለቃጠሎ ትበቃለች። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለ ሆነ የአየሩ ግፊት በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ ስለዚህ ቤንዚን በዚያ ይበልጥ ፈጥኖ ይተናል።

ሥራው ሲጀመር ጀልባው ወደ የብስ ወጥቶ ነፋስ በሚነፍስበት ጥላ ይቁም። አስቀድሞ ባትሪው ይፈታ፤ ቤንዚኑም በእጅ ፓምፕ ክዳን ወዳለው ዕቃ ይቀዳ። ትምባሆ፥ የከሰል ምድጃና የኤሌክትሪክ መሣሪያ ወደ ስፍራው አይቅረቡ። ባዶ ሰልባትዮ ከሙሉው ይልቅ ያስፈራል፤ በውስጡ እንፋሎትና አየር ተቀላቅለው ይገኛሉና። ስለዚህ አሮጌውን ሰልባትዮ በዚያው በብየዳ ልጠግን የሚል ሠራተኛ ቢኖር ይከልከል።

አዲሱ ሰልባትዮ ከፕላስቲክ የተሠራ ቢሆን አይዝግም፤ ነገር ግን ቤንዚን ሲገባበት ከ100 እጅ 2 ያህል ስለሚያብጥ በዙሪያው ክፍተት ይተውለት። ከአሉሚኒዩም የሆነ እንደ ሆነ ውሃ በማይጠጣ ጎማ ላይ ተቀምጦ አየር ይዙርበት፤ በፎም አይቀበር። የመተንፈሻው ቱቦ አፍ ከጀልባው ውጭ ይሁን። ወለሉ ከመዘጋቱ በፊት ከ0.2 ባር የማይበልጥ አየር በእጅ ፓምፕ ይነፋበት፥ መጋጠሚያዎቹም በሳሙና ውሃ ይቀቡ፤ አረፋ የሚያወጣው ቦታ ያፈሳል ማለት ነው። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ቤንዚን ከ100 እጅ 1 ያህል ይሰፋልና፥ ሰልባትዮው እስከ አፉ አይሞላ።

አሮጌው ኮምፔልሳቶ በተቻለ መጠን ሳይሰበር ተነሥቶ ለአዲሱ ልክ ይሁን። አዲሱም ውሃ በሚችል ሙጫ የተጣበቀ ሆኖ በሁለቱም ፊት ሬዚን ይቀባ። ውሃ አስቀድሞ የሚገባው በጠርዝና በብሎን ቀዳዳ ስለ ሆነ እነዚህ ከሁሉ ይልቅ ይጠበቁ። ብሎኑ ከማይዝግ ብረት ይሁን። በአግዳሚዎቹ ሥር ውሃ የሚፈስበት ቀዳዳ ይተው፤ ከሰልባትዮው በላይ ያለው ወለልም ተፈትቶ የሚነሣ ክዳን ይሁን።

እንግዲህ ሹሙም ሆነ ባለንብረቱ ሥራው እስኪያልቅ ቆይቶ ገንዘብ ከመክፈል ይልቅ ወለሉ ክፍት ሳለ አንድ ጊዜ ሄዶ በዓይኑ ይመልከት። የሳሙናው ፈተና በፊቱ ይደረግ፤ የውሃውን መፍሰሻና የቱቦውንም ጫፍ ይጠይቅ። ጀልባው ወደ ሥራ ከተመለሰ በኋላም ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ክዳኑ ተከፍቶ የቤንዚን ሽታ እንዳለ ይመርመር፤ ሽታ ካለ ሞተሩ አይነሣ።

አዲስ ወለል ሁሉ ከላይ ሲያዩት ያምራል። ከበታቹ ያለውን ግን ከተዘጋ በኋላ የሚያየው የለም። ቡናውንና ልጁን ይዞ የሚሳፈር ገበሬ ወለሉን ገልጦ ለማየት አይችልም፤ ነፍሱን በአደራ ሰጥቶ ይቀመጣል እንጂ። ይህን አደራ በጊዜው ገልጦ ማየት የአሳዳሪውና የባለንብረቱ ግዴታ ነው።