የገብስ እብቅ ለምን አንዱን ብቻ ያስነጥሳል?
መንዝ ላይ ገብስ ሲወቃ እብቁ ሁሉም ላይ ይቦንናል፤ የሚሰቃየው ግን አንዳንዱ ነው። እብቅ ማንንም ሊከነክን ይችላል፣ አለርጂ ግን ሌላ ነው። አለርጂ ያለበት ሰው አካል ብናኙን እንደ ጠላት ቆጥሮ «አይጂኢ» የተባለ አንቲቦዲ ያመርታል። ይህም «ማስት» በተባሉ ሴሎች ላይ ይለጠፋል። ብናኙ ዳግም ሲመጣ ሴሎቹ ሂስታሚን ይለቃሉ፤ ማሳከክ፣ ንፍጥ፣ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ይከተላል።

የሚገርመኝ የጅማው ነገር ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የጅማ ጥናት አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው እንደሚበዛ አሳየ። የ2001ዱ ጥናት ደግሞ ሁክወርም የተባለው የአንጀት ትል በብዛት ያለባቸው ሰዎች ትንፋሻቸው ሲር ሲር የማለቱ ዕድል ያነሰ መሆኑን አገኘ። ትሉ ለራሱ ህልውና ሲል የሰውነት መከላከያችንን ያለዝባል ተብሎ ይታሰባል። (ትሉ ይቆይ ማለቴ አይደለም፤ ደም ይመጥጣል!) አውድማ ላይ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ ትንፋሽ ካጠራችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ።