ኦስና፦ በሊምፍ ዕጢ የተደበቀውን ካንሰር የሚያስሰው ምርመራ

የትልቁ አንጀት ካንሰር ያለበት ሰው ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት የሚወጣው ዕባጩ ብቻ አይደለም። ሐኪሙ ከዕባጩ ወዲህና ወዲያ ያለውን ጤነኛ አንጀትና አንጀቱ የተንጠለጠለበትን ሞራ አብሮ ቆርጦ ያወጣል። የሊምፍ ዕጢዎቹ ያሉት በዚያ ሞራ ውስጥ ነው። አብዛኞቹ ከ5 ሚሊ ሜትር አይበልጡም፤ መልካቸውም ከስቡ ብዙ አይለይም። የፓቶሎጂ ባለሙያው ሞራውን በጣቶቹ እየዳበሰ፣ ጠጠር ያለ ነገር ሲነካው በስለት እየከፈተ አንድ በአንድ ይለቅማቸዋል።

የበሽተኛው ቀጣይ ወራት የሚወሰኑት በዚህ ለቀማ ነው። ካንሰር ወደ ሌላ አካል ሳይዛመት በአንዲት ዕጢ ውስጥ እንኳ ከተገኘ በሽታው ደረጃ 3 ይባላል፤ ኬሞቴራፒ ይታዘዛል። በዕጢዎቹ ውስጥ ካልተገኘና ወደ ሌላ አካል ካልተዛመተ ደረጃ 1 ወይም 2 ነው፤ ብዙው ሰው ቁስሉ ሲድን ወደ ቤቱ ሄዶ በክትትል ይቆያል። ለንደን በሚገኘው ሴንት ማርክስ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ፓቶሎጂስት ኩትበርት ዲዩክስ እ.ኤ.አ. በ1932 የፊንጢጣ አንጀት ካንሰርን በደረጃ ሲከፍሉ፣ ከሌሎቹ ለይተው በመጨረሻው ምድብ ያስቀመጡት ዕጢ ውስጥ የገባውን ነው። የአከፋፈሉ ስያሜ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል፤ ዕጢው ውስጥ ገብቷል ወይስ አልገባም የሚለው ጥያቄ ግን ዛሬም ቦታውን አልለቀቀም።

ችግሩ መልሱ ሁልጊዜ የሚታመን አለመሆኑ ነው። ዕጢዎችህ ንጹሕ ናቸው ከተባሉት የደረጃ 2 ታማሚዎች ከአምስቱ በአንዱ ገደማ ላይ ካንሰሩ ተመልሶ ይመጣል። ምክንያቱ አንድ ብቻ ባይሆንም፣ አንደኛው ከምርመራው አሠራር የሚመነጭ ነው። የተለቀመችው ዕጢ ፎርማሊን ውስጥ ታድራለች፣ በሰም ትደርቃለች፣ ከዚያ 4 ማይክሮ ሜትር ገደማ ውፍረት ባላቸው ስሶች ትቆረጣለች፤ ቀለም ተቀብታም ከማይክሮስኮፕ ሥር ትቀርባለች። 5 ሚሊ ሜትር የምትሆን ዕጢ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብትቆረጥ ከ1,000 በላይ ስሶች ይወጣታል። በዕለት ተዕለት ሥራ የሚታዩት አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ናቸው። ከአንድ ኩንታል ጤፍ አንድ ጭብጥ ዘግኖ አሸዋ እንዳለው እንደመናገር ነው፤ አሸዋው ብዙ ከሆነ ጭብጡ ይናገራል፣ ጥቂት ከሆነ ግን ዝም ይላል። ፓቶሎጂስቱን መውቀስ አይገባም፤ የእያንዳንዱን በሽተኛ ዕጢ ሁሉ እስከ መጨረሻው ቆርጦ ለማየት የአንድ ሆስፒታል የሰው ኃይል አይበቃም።

ኦስና የመጣው ይህንን ክፍተት ሊሞላ ነው። የሠራው ዋና መሥሪያ ቤቱ በጃፓኗ ኮቤ ከተማ የሆነው ሲስሜክስ ኩባንያ ነው። እዚህ ዕጢዋ ፎርማሊን ሳይነካት፣ ገና ትኩስ እንደሆነች ትመጣለች። ዙሪያዋን የያዘው ስብ ይገፈፋል፣ ትመዘናለች፣ አሲዳማ ፈሳሽ ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ትገባለች፤ በፍጥነት የሚሽከረከር ስለትም በአጭር ጊዜ ይፈጫታል። ፈሳሹ አሲዳማ የሆነው የሚፈለገው ነገር እንዳይበላሽ ነው። የተፈጨው በሴንትሪፊውጅ ሲሽከረከር ሦስት ቦታ ይለያል፦ ስቡ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ቅሪቱ ከታች ይዘቅጣል፣ መሐል ላይ ፈሳሹ ይቀራል። የላቦራቶሪ ባለሙያው ከዚህ ከመሐለኛው በፒፔት ጥቂት ቀድቶ ለማሽኑ ይሰጣል።

ማሽኑ የሚፈልገው ሳይቶኬራቲን 19 የተባለውን ፕሮቲን ለመሥራት ሴሎች የሚጽፉትን መልእክት፣ ማለትም ኤምአርኤንኤውን ነው። ይህን ፕሮቲን የአንጀትን ውስጠኛ ገጽ የሚያለብሱ ሴሎች ይሠሩታል፤ ከእነሱ የሚነሣው ካንሰርም እንዲሁ። የሊምፍ ዕጢ ሴሎች ግን አይሠሩትም። ዲኤንኤውን መፈለግ ለምን አልበቃም ቢባል፣ የፕሮቲኑ ጂን በእያንዳንዱ የሰውነት ሴል ውስጥ ስላለ በጤነኛ ዕጢም ውስጥ ይገኛል። መልእክቱ ግን ያለው ፕሮቲኑ በሚሠራበት ቦታ ነው። ዕጢ ውስጥ በብዛት ከተገኘ ከአንጀት የመጣ እንግዳ ሴል እዚያ ሰፍሯል ማለት ነው።

መልእክቱን የሚያባዛው ላምፕ የሚባለው ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ጃፓናዊው ጹጉኖሪ ኖቶሚና ባልደረቦቻቸው ይፋ ያደረጉት ሲሆን፣ እንደ ፒሲአር ደጋግሞ ማሞቅና ማቀዝቀዝ አይፈልግም፤ 65 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ ሆኖ ሥራውን ይጨርሳል። ብዜቱ ሲፋጠን ማግኒዚየም ፓይሮፎስፌት የተባለ ነጭ ዝቃጭ ይፈጠርና ጥርት ያለው ፈሳሽ ይደፈርሳል። ማሽኑ ብርሃን እያሳለፈ ድፍርስነቱን ይለካል። ቶሎ ከደፈረሰ መነሻው ብዙ ነበር፣ ከዘገየ ጥቂት ነበር፤ ከዚህ ተነሥቶ ቁጥሩን ያሰላል። በአንድ ማይክሮ ሊትር ከ250 ቅጂ በላይ ከተገኘ ካንሰር አለ ይባላል፤ ከ5,000 ካለፈ ደግሞ የሰፈረው ካንሰር ትልቅ ነው። ማባዛቱ ሩብ ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

ኦስና መጀመሪያ የታወቀው በጡት ካንሰር ነው። በሽተኛዋ ገና በቀዶ ሕክምና አልጋ ላይ ሳለች ከብብቷ የወጣችው ዕጢ ተመርምራ፣ ሐኪሙ ሌሎቹን ዕጢዎች ያውጣ ወይስ ይተው የሚለው እዚያው ይወሰናል። ለአንጀት ካንሰር ይህ ፍጥነት ብዙም አይጠቅምም፤ ዕጢዎቹ ከሞራው ጋር ወጥተዋልና። እዚህ ጥቅሙ ሙሉዋን ዕጢ ማንበቡና መቁጠሩ ነው። የዕጢዎቹ ቁጥር ተደምሮ በሽተኛው በአጠቃላይ ምን ያህል የካንሰር ጭነት እንደነበረበት ሊታወቅ ይችላል። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ጥቅሙ ይህ ነው፤ «አለ» ወይም «የለም» ብቻ ይባል የነበረውን «ይህን ያህል» ብሎ መናገር አስችሏል።

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ በበርካታ የአውሮፓ ሆስፒታሎች የተካሄደ ጥናት፣ በማይክሮስኮፕ ዕጢዎቻቸው ንጹሕ ከተባሉ የአንጀት ካንሰር ታማሚዎች ሩብ በሚሆኑት ላይ በኦስና የካንሰር ምልክት አግኝቷል። አስደንጋጭ ቁጥር ነው፤ ግን ሩቡ ሁሉ ኬሞ ይፈልግ ነበር ለማለት አያበቃም። ጥቂት ሴሎች ዕጢ ውስጥ መገኘታቸውና ካንሰሩ መመለሱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለአንጀት ካንሰር በብዛት የሚታዘዘው ኦክሳሊፕላቲን ደግሞ ጣትና እግር ያደነዝዛል፤ አንዳንዱ ሰው ላይ ድንዛዜው ለዓመታት ይቆያል። ይህን ሸክም ያለ በቂ ማስረጃ በሰው ላይ መጫን ተገቢ አይመስለኝም። ኬሞ ለመወሰን መደበኛው መለኪያ ዛሬም ማይክሮስኮፑ የሆነው በከንቱ አይደለም።

ሌላም ድካም አለበት። የተፈጨች ዕጢ ዳግመኛ አትታይም፤ ጥርጣሬ ቢነሣ የሚመለሱበት ነገር የለም። ስለዚህ በጥናቶች ዕጢዋ ተከፍላ ከፊሏ ለማሽኑ፣ ከፊሏ ለማይክሮስኮፕ ትሰጣለች። አንጀቱን የነካ ስለት ሳይጸዳ ዕጢዋን ከነካም ጤነኛ የአንጀት ሴል ካንሰር መስሎ ሊታይ ይችላል። ፕሮቲኑን አሳንሶ የሚሠራ ካንሰር ደግሞ ሊያመልጥ ይችላል።

ኬሞ የሚያስፈልገው ማን ነው የሚለውን ጥያቄ በደም በኩል የያዙት አሉ። ዳይናሚክ የተባለው የአውስትራሊያ ጥናት 455 የደረጃ 2 ታማሚዎችን አካትቶ፣ በአንደኛው ቡድን ከቀዶ ሕክምና በኋላ በደም ውስጥ የሚዘዋወር የካንሰር ዲኤንኤ ያለባቸውን ብቻ ለይቶ ኬሞ ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ውጤት፣ በዚህ መንገድ ኬሞ የወሰዱት 15 በመቶ ሲሆኑ፣ በተለመደው አሠራር ከታከሙት ግን 28 በመቶ ነበሩ፤ ካንሰሩ ሳይመለስባቸው ሁለት ዓመት የቆዩት ድርሻ ግን ተቀራራቢ ነበር።

የአንጀት ካንሰር በኢትዮጵያም በወንዶች ላይ ከሚታዩት ዋነኛ ካንሰሮች አንዱ ነው። ሞለኪውላዊ ምርመራ ለላቦራቶሪዎቻችን እንግዳ አይደለም፤ ጂን ኤክስፐርት ለሳንባ ነቀርሳ ሲሠራበት ቆይቷል። ኦስና ግን ከቀዶ ሕክምናው ክፍል አጠገብ ትኩስ ዕጢ የሚቀበል ላቦራቶሪ ይፈልጋል። ከእሱ በፊት በቅድሚያ ሊሟላ የሚገባው ሞራው ሳይጎድል መድረሱና በትጋት መፈተሹ ይመስለኛል። መመሪያዎች ቢያንስ 12 ዕጢ ተለቅሞ እንዲታይ ይጠይቃሉ፤ ውጤቱ «0/14» ተብሎ ከተጻፈ 14 ታይተው በአንዳቸውም ካንሰር አልተገኘም ማለት ነው። «0/4» ከሆነ ግን፣ በሽተኛውም ሆነ አስታማሚው ሌሎቹ ዕጢዎች ለምን እንዳልተገኙ፣ ሞራውም በድጋሚ ሊፈተሽ ይችል እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅ ይገባቸዋል።